«አይጠናም» የተባለው ፈተና

በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የልጆች ትምህርት በተነሣ ቁጥር ደጋግማ የምትመጣ አንዲት አነጋገር አለች። «እሱ እንኳ አይጠናም፤ የጭንቅላት ጉዳይ ነው» ትላለች። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ሲሆን ልጁን ከነመጽሐፉ ክፍል ውስጥ ዘግቶ የሚያስጠና ወላጅ፣ ነገሩ የማመዛዘን ጥያቄ ሲሆን ግን እጁን አጣጥፎ ዕጣውን ይጠባበቃል። የሙያ ባልደረቦቼ መምህራንም ከዚህ አያመልጡም፤ «የተሰጠው ተሰጥቶታል» ብለው የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው።

ይህች አነጋገር ከሰማይ የወረደች አይደለችም። ያሳደጓት ሰዎችና ያደገችበት ዘመን ይታወቃሉ። ታሪኳን ለመከተል ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ፈተናው መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ከመሆኑም በላይ፣ ዛሬ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ብዙ የኢትዮጵያውያን ልጆች የሚያንኳኩት በር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከፈተናው በፊት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን ለሚሻ ሰው በብዙ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ዋናው መስፈርት ክፍያውን መክፈል መቻሉ ነበር። አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ሰው በካርኔጊ ተቋም ተልኮ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከጎበኘ በኋላ በ1910 ባወጣው ዘገባ፣ ብዙዎቹ ቤተ ሙከራም ሆነ ተማሪው የሚማርበት ሆስፒታል የሌላቸው የንግድ ቤቶች መሆናቸውን አጋለጠ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ደካሞቹ ተራ በተራ ተዘጉ። የጥቁሮች ከነበሩት ሰባት ትምህርት ቤቶች ውስጥም በ1920ዎቹ አጋማሽ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የዋሽንግተኑ ሃዋርድና የናሽቪሉ ሜሃሪ። የኛው መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው ከሃዋርድ ነው፤ ተመርቆም ወደ ሀገሩ ተመልሶ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ የቆሰሉትን አክሟል። ጥራት በሚል ትክክለኛ ምክንያት በር ሲጠብ ከውጭ የሚቀረው ማን እንደሆነ ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ ጥቂት ነው።

የተረፉት ትምህርት ቤቶች ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው። በ1920ዎቹ ከገቡት ተማሪዎች መካከል ትምህርቱን ሳይጨርሱ የሚወጡት፣ እንደየትምህርት ቤቱ፣ ከመቶ 5 እስከ 50 ይደርሱ ነበር። የሕክምና ትምህርት ውድ ነው፤ ወንበሩ የተቆጠረ ነው። በሁለተኛው ዓመት ጥሎ የሚወጣ ተማሪ የያዘው ወንበር ሌላ ሰው ሐኪም ሊሆንበት ይችል የነበረ ወንበር ነው። ስለዚህ «ማን ይጨርሳል?» የሚለውን አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ ተፈለገ።

ዘመኑ ደግሞ መሣሪያው በእጅ አለ ተብሎ የሚታመንበት ዘመን ነበር። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለሠራዊቱ የአእምሮ ፈተና አዘጋጅተው ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮችን ፈተኑ። ፈተናው የተፈጥሮ ብልኅነትን ይለካል ተባለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በጊዜው በገበያ ላይ የነበረ የምግብ ቅባት ስም ጠቅሶ፣ መድኃኒት ነው ወይስ የጥርስ ሳሙና ወይስ ምግብ እያለ የሚያስመርጥ ዓይነት ነበር። ከሲሲሊ ወይም ከፖላንድ ትናንት የመጣ ገበሬ ይህን ባለማወቁ ብልኅነቱ ጎደለ ተብሎ ተጻፈበት! የፕሪንስተኑ ካርል ብሪገም እነዚህን ውጤቶች ይዞ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የሰሜን አውሮፓ ዘር በአእምሮ ከሌሎች ይበልጣል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ በ1926 የተጀመረውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ያዘጋጀውም ይኸው ሰው ነው። በ1930 ብሪገም ራሱ ያንን ድምዳሜውን መሠረት የሌለው ብሎ ሻረው። ይሁንና አንድ ሐሳብ በፈተና ቅጽ ላይ ከታተመ በኋላ ባለቤቱ ቢክደውም በራሱ እግር ይሄዳል።

የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬድ ሞስ በ1928 ለሕክምና ተማሪዎች የመጀመሪያውን የመግቢያ ፈተና ያዘጋጀው በዚህ አየር ውስጥ ነው። ስሙም «ለሕክምና ተማሪዎች የትምህርት አፕቲትዩድ ፈተና» ነበር። ያየውን ሥዕል ማስታወስ፣ የሳይንስ ቃላትን ማወቅ፣ ያነበበውን መረዳት፣ እንዲሁም በሎጂክ ማመዛዘን ከክፍሎቹ መካከል ነበሩ። «አፕቲትዩድ» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እውቀትን ሳይሆን ከእውቀት በስተጀርባ ያለውን ዝንባሌ እለካለሁ ማለት ነው። እኛ «ተሰጥኦ» ብለን ስንተረጉመው ነገሩ ይበልጥ ጸናበት፤ ለጆሯችን አንድ ጊዜ የተሰጠ፣ የማይጨመርና የማይቀነስ ነገር ሆኖ ይሰማናል።

የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ፈተናውን ተቀበለው። በ1946 ትምህርቱን የሚያቋርጡት ቁጥር በሀገር ደረጃ ወደ ከመቶ 7 ወርዶ ነበር። ይህን ሁሉ ፈተናው ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ትምህርት ቤቶቹም በዚያ መካከል ተሻሽለዋል። ቢሆንም ፈተናው እውነተኛ ችግርን ለማቃለል የመጣ እንጂ ሰውን ለመጨቆን በጨለማ የተሸረበ ሴራ አልነበረም። ይህን የምለው በኛ የተማረው ክፍል ዘንድ የምዕራባውያንን ፈተና ሁሉ በጅምላ ማውገዝ እንደ ዕውቀት የሚቆጠርበት ጊዜ ስላለ ነው። ፈተና በማይኖርበት ጊዜ የሚኖረው ምን እንደሆነ ማየት ይበጃል።

ለዚህ የስታንሊ ካፕላን ታሪክ ይበቃል። ካፕላን በ1919 በኒው ዮርክ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተ ሰብ ተወለደ፤ የሚከፈልበት ሳይሆን የከተማው ሕዝብ ኮሌጅ በሆነው ሲቲ ኮሌጅ ተምሮ በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። ሐኪም መሆን ፈለገ። ራሱ እንደተረከው ለአምስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክቶ አምስቱም መለሱት። ምክንያቱን ሲናገር ሁለት ነገር ይጠቅሳል፤ አይሁዳዊ መሆኑንና ከሕዝብ ኮሌጅ መውጣቱን። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ የምሥራቁ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር በኮታ ይገድቡ እንደነበር የታወቀ ነው። የሞስ ፈተና ቢኖርም የሚወስኑት የድጋፍ ደብዳቤውና ቃለ መጠይቁ፣ ከሁሉም በላይ የአባት ስም ነበሩ። ካፕላን ዕድሜውን ሙሉ ፈተናን ሲያወድስ የኖረው ለዚህ ነው፤ ሁሉን በእኩል የሚመዝን ፈተና ቢኖር ኖሮ እኔም ገብቼ ነበር ባይ ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ካፕላን ከ1938 ጀምሮ በብሩክሊን በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሠፈር ልጆችን ያስጠና ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዲት ተማሪ የኮሌጅ መግቢያውን ፈተና እንዲያስጠናት ትጠይቀዋለች። የፈተናው ባለቤቶች ይህ ፈተና ዝንባሌን ስለሚለካ ማጥናት አይጠቅምም ይሉ ነበር። ካፕላን ጥያቄዎቹን ሲያይ ግን የሚለመዱ ሆነው አገኛቸው። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ምስጢር ስለሆኑም ዘዴ ፈጠረ፤ ተማሪዎቹ ፈተናውን በጨረሱ ማግሥት ድግስ ይደግስላቸዋል፣ እነሱም እየበሉና እየተሳቁ ያስታወሱትን ጥያቄ ይነግሩታል። እርሱ ይጽፋል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎች በዚያ ይለማመዳሉ። ለዓመታት አጭበርባሪና የሽምደዳ ነጋዴ እየተባለ ተሰደበ። በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው ጥናት ግን የማሠልጠኛ ቤቱ ለአንዳንድ ተማሪዎች ውጤት ላይ ጭማሪ ማምጣቱ ተረጋገጠ። ጭማሪው ተአምር አልነበረም፤ መጠነኛ ነበር። ሆኖም «አይጠናም» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው በሙሉ አፍ ሊነገር አልቻለም። የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያውንም ፈተና ማሠልጠን የጀመረው ይኸው የካፕላን ድርጅት በ1984 ለዋሽንግተን ፖስት ኩባንያ ተሸጠ። የሕክምና ትምህርት ቤት በር የተዘጋበት ሰው ለዚያው በር ቁልፍ እየቀረጸ ከበረ ማለት ነው። ቁልፉ ግን ከዚያ ወዲህ ዋጋ ወጣለት።

በዚህ መካከል ፈተናው ራሱ መልኩን እየለወጠ ነበር። በ1948 ዛሬ የሚጠራበትን «ኤምካት» የተሰኘ ስም አገኘ። ከ1962 እስከ 1977 ድረስ ከአራቱ ክፍሎቹ አንዱ «ጠቅላላ ዕውቀት» ነበር፤ ሐኪም ሰፊ ንባብ ያለው ሰው ይሁን ከሚል በጎ ሐሳብ የመጣ ነው። ነገር ግን ጠቅላላ ዕውቀት የሚባለው የማን ቤት ዕውቀት እንደሆነ ጥያቄ ተነሣ፤ ያደገበት ቤት መጻሕፍት የሞሉበት ልጅ ሳያጠና የሚያውቀውን፣ ሌላው አጥንቶም አይደርስበትም። በ1977 ያ ክፍል ወጣ። በቦታው የማንበብና የቁጥር ትንተና ክፍሎች ጎልተው መጡ፤ በ1991 «በቃል ማመዛዘን» የተባለው ክፍል ተተከለ። ሐሳቡ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ በምንባቡ ውስጥ ይስጠው፤ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ነገር አይኑር የሚል ነበር። ፍትሐዊ ሐሳብ ነው። ዳሩ ግን ማመዛዘንም ራሱ ከቤት ተይዞ ሊመጣ እንደሚችል ተረሳ።

በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የአለን ባኪ ጉዳይ ላይ ጥቂት እንቆይ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ወንበሮቹ 16ቱን ለአናሳ ወገኖች ለይቶ ነበር። መሐንዲሱ ባኪ፣ ነጭ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰና ከሰሰ። በውሳኔው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ሰንጠረዥ ሰፍሯል። ባኪ በሳይንስ ከመቶ 97ኛው፣ በቃል ችሎታ ከመቶ 96ኛው እርከን ላይ ነው፤ በ1973 በመደበኛው መንገድ የገቡት አማካይ 83 እና 81፤ በልዩው መርሐ ግብር የገቡት አማካይ 35 እና 46። ፍርድ ቤቱ ኮታውን ሽሮ ባኪ እንዲገባ አዘዘ፤ ዘር ግን ከሌሎች ነገሮች ጋር እንደ አንድ ነገር ሊታይ ይችላል አለ፤ ይህም ፍርድ ቤቱ በ2023 እስኪዘጋው ድረስ ጸንቶ ቆየ። ስለ ውሳኔው ብዙ ተጽፏል፤ የኔ ነጥብ ግን ሌላ ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ዓምድ የለም፤ እያንዳንዱ አመልካች ወደ ፈተናው ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ የዚያን ዓይነት ጥያቄ አይቶ እንደነበር የሚያሳይ። ሀገር የተከራከረበት ቁጥር ከልምምድ በፊትና ከልምምድ በኋላ ያለውን ሰው ሳይለይ የተጻፈ ቁጥር ነበር።

ወዲያው በማግሥቱ ክርክሩ ወደ ጥያቄዎቹ ባለቤትነት ዞረ። የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት በ1979 ፈተና አዘጋጆች ፈተናው ከተሰጠ በኋላ ጥያቄዎቹንና መልሶቹን እንዲገልጹ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ተፈታኝ የተፈረደበትን ማወቅ አለበት፤ ድሃውም ቢሆን ያለፈውን ጥያቄ አይቶ ይለማመድ የሚል ነበር መንፈሱ። የኮሌጅ መግቢያው ፈተና ባለቤቶች እያጉረመረሙ ታዘዙ። የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ግን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጥያቄዎቹ የደራሲነት መብት የተጠበቀላቸው ሥራዎች ናቸው፣ ከተገለጡ ደግመን ልንጠቀምባቸው አንችልም፣ ጥሩ ጥያቄ ማዘጋጀትም ዓመታትና ገንዘብ ይፈጃል ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም በ1980 ሕጉ በዚህ ፈተና ላይ እንዳይፈጸም አገደ። የማኅበሩ መከራከሪያ ባዶ አልነበረም፤ ፈተና ያዘጋጀ መምህር ሁሉ አንድ የማያሻማ ጥያቄ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃል። ውጤቱ ግን ይህ ሆነ፦ ጥያቄው ምስጢር ሆኖ ሲቀር ልምምዱ ለሚከፍለው ብቻ ቀረ። በየዋና ከተማው የማሠልጠኛ ቤቶች በረከቱ፤ ዛሬም ሙሉ ኮርሳቸው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ውስጥ እንግባ፤ ምክንያቱም «ይለመዳል» ብዬ ብቻ ባልፍ አንባቢ አያምነኝም። ከ2015 ጀምሮ በሚሰጠው ፈተና ውስጥ «ትችታዊ ትንተናና ማመዛዘን» የሚባለው ክፍል ዘጠኝ ምንባቦችና 53 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ አሥር ደቂቃ ማለት ነው። ምንባቦቹ ከፍልስፍና፣ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከማኅበራዊ ጥናት የተወሰዱ ናቸው፤ ስለ ሕክምና አንድም ነገር ላይኖርባቸው ይችላል። እኔ በራሴ መንገድ አንድ ትንሽ ምሳሌ ልጻፍ።

«አንዲት ከተማ የቧንቧ ውኃ ከገባላት ወዲህ በተቅማጥ የሚታመሙ ሰዎች ቁጥር በግማሽ ቀንሷል። የከተማዋ ሹማምንት ይህ የቧንቧው ፍሬ ነው ይላሉ።» ጥያቄ፦ ከሚከተሉት የሹማምንቱን አባባል ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው? ሀ፦ ንጹሕ ውኃ ለጤና አስፈላጊ ነው። ለ፦ የቧንቧው ሥራ ከታቀደለት በላይ ገንዘብ ፈጅቷል። ሐ፦ ቧንቧ ባልገባላት ጎረቤት ከተማም በዚያው ጊዜ የሕመምተኛው ቁጥር በዚያው መጠን ቀንሷል። መ፦ ጥቂት ቤቶች ዛሬም ከወንዝ ይቀዳሉ።

መልሱ ሐ ነው። የሚያስተምሩት ግን የተሳሳቱት ምርጫዎች ናቸው። ሀ እውነት ነው፤ ጤና ያጠና ልጅ እውነት በመሆኑ ብቻ ይመርጠዋል፤ ጥያቄው ግን እውነቱን ሳይሆን የሚያዳክመውን ነው የጠየቀው። ሹማምንትን የሚጠላ ሰው ለን ይወዳል፤ የገንዘቡ ብክነት ያናድደዋልና። (እኛ ስለ ፖለቲካ የምንጽፍ ሰዎች ከዚህች ፊደል ብንጠነቀቅ መልካም ነበር።) መ ደግሞ ከሁሉም የምታሳስት ናት፤ ቧንቧው ያልደረሰላቸው ጥቂት ቤቶች መኖራቸው ሹማምንቱን የሚያሳጣ ይመስላል እንጂ፣ ቧንቧው ለደረሳቸው ብዙዎች ጤና ምክንያት መሆኑን አይነካም። እነዚህ ወጥመዶች በቁጥር የተወሰኑ ናቸው፤ እውነት ሆኖ ከጥያቄው ውጭ የሆነ፣ ደራሲው ያለውን አግንኖ «ሁልጊዜ» ወይም «ፈጽሞ» የጨመረበት፣ ከምንባቡ ቃል ወስዶ ትርጉሙን ያጣመመ። አንድ ሰው መቶ ጊዜ ካያቸው በመቶ አንደኛው ጊዜ ከሩቅ ያውቃቸዋል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ማመዛዘን ማለት ራሱ ይኸው ነው።

በሜሪላንድ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ለዚሁ ፈተና ስትዘጋጅ የተከተለችውን መንገድ አውቃለሁ። አባቷ ታክሲ ይነዳል፤ እናቷ በአዛውንት መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ተረኛ ናት። የኮርሱን ዋጋ ሲሰሙ ሁለቱም ዝም አሉ። ልጅቱ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልምምድ መጽሐፍ ተውሳ በየቀኑ ሁለት ምንባብ ብቻ ትሠራ ነበር። ዋናው ሥራዋ ግን መመለሱ ሳይሆን ማታ ማታ በደብተር ላይ የምትጽፈው ነበር፤ የሳተችውን ብቻ ሳይሆን ለምን ያኛው ምርጫ እንደሳባት። «አጎቴ፣ እኔ የምሳሳተው ባለማወቄ አይደለም፤ ቸኩዬ ለጸሓፊው ስለምፈርድለት ነው» አለችኝ አንድ ቀን በስልክ። ይህን በራስ ላይ ማየት ስንት የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ይችለዋል? ደግሞም ልምምድ ሁሉን አይሠራም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ረዣዥም ጽሑፍ ሲያነብ ያደገ ልጅ በሦስት ወር ልምምድ ከሚመጣው ቀድሞ ይቆማል፤ እሱም ግን ሲለማመድ ነው የኖረው፤ ልምምድ ብሎ ስለማይጠራው ብቻ ተሰጥኦ መሰለው።

ይህ ለኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር። በቅኔ ቤታችን ተማሪ ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር ወደ መወድስ አይሻገርም። በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢመጣ አይቆጠርለትም። ሰሙን ከወርቁ፣ የተባለውን ከታሰበው ለይቶ ማየት በዓመታት ልምምድ የሚመጣ ነገር መሆኑን መምህራኑ አሳምረው ያውቃሉ። ከውጭ የሚያየው ሕዝብ ነው «አብሾ ቢጠጣ ነው እንጂ!» የሚለው። የአሜሪካዎቹ «አፕቲትዩድ» የፈረንጅ አብሾ መሆኗ ነው እንግዲህ።

ተመሳሳዩ ታሪክ በእንግሊዝም ተደግሟል። በ2006 የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች በጋራ የጀመሩት ፈተና ምንባብ ሰጥቶ «እውነት፣ ሐሰት ወይስ ከጽሑፉ አይታወቅም» እያለ ይጠይቃል፤ ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከማናቸውም ዕውቀት ነጻ ነው የተባለው የቅርጾች ማመዛዘን ክፍሉ በ2025 ከፈተናው ወጥቷል። ዝርዝሩን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ጥያቄዬ አይገለጥብኝ ብሎ ፍርድ ቤት የቆመው የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ዛሬ ራሱ የልምምድ ጥያቄዎች ሻጭ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚለቀው ሙሉ የልምምድ ፈተና አለው፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ አመልካቾችም የፈተናውን ክፍያ ይቀንሳል፣ የልምምድ ጥያቄዎቹንም በነጻ ይሰጣል። ካን አካዳሚ ከማኅበሩ ጋር ተባብሮ ያዘጋጃቸው ትምህርቶችና ጥያቄዎችም በነጻ ይገኛሉ። ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሆነ የዲያስፖራ ወላጅ ካለ፣ ልጁ የክፍያ እገዛ መጠየቅ የሚችል መሆኑን ለፈተናው ከመመዝገቡ በፊት ያጣራ፤ እገዛው የሚጠቅመው ቀድሞ ለጠየቀ ነው።

በሀገር ቤትስ? በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናችን ውስጥ ተማሪው «አፕቲትዩድ» እያለ የሚጠራው የትምህርት ዓይነት አለ። ወደ ሕክምና ለመግባት ለሚያልም ልጅ የዚያ ውጤት ከባዮሎጂው እኩል ይመዝናል። የመጽሐፍ ምዕራፍ የለውም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምረው መምህርም የለም። ከከተማ የግል ትምህርት ቤት የመጡት ተማሪዎቼ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በወርክሺት እየተባዙ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንደሠሩ ይነግሩኛል። ከገጠር ወረዳ የመጡት ደግሞ የጥያቄውን ዓይነት መጀመሪያ ያዩት በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ነው። በ2022 ኩረጃን ለመከላከል ተፈታኞች ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ያኔ የተወራው ሁሉ ስለ ኩረጃ ነበር። የተሰረቀው ጥያቄ እንዳይወጣ በሩ ተዘጋ፤ መልካም ነው። የተፈተነበት፣ ያለፈበት፣ ከእንግዲህ ምስጢር ያልሆነው ጥያቄ ግን በየት በር ወደ ገጠሩ ልጅ እንደሚደርስ የጠየቀ አላየሁም።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነው። ያለፉት አሥር ዓመታት የአፕቲትዩድ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ ከመልሳቸውም ጋር እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ለምን እንደተሳሳተ በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተብራርቶ፣ በርካሽ ወረቀት ታትሞ ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይላክ። መብራትና ኢንተርኔት ባለበት በኢንተርኔት ይለቀቅ። ማብራሪያውን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ጥቂት የሎጂክና የቋንቋ መምህራንና የአንድ ክረምት ጊዜ ናቸው፤ እኔም ከጻፊዎቹ አንዱ ለመሆን ዝግጁ ነኝ።